ከፍትፍቱ ፊቱ

ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ አምባ ጊዮርጊስ ሳይደረስ፣ በገደል አፋፍ የተቀመጠች ብርዳም መንደር ናት። መንገደኛ የሚያውቃት በጭጋጓ፣ በጭላዳዎቿና ቁልቁል እስከ አድማስ በሚዘረጋው የቆላ ምድር ነው። እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁባት በመሆኔ ከሁሉ አስቀድሞ የምትታወሰኝ በደቦዋ ነው።

ደቦ የሚጠራ ገበሬ በገበያ መካከል ቆሞ «ገብሴ ደርሷልና ኑ እጨዱልኝ» ብሎ አይጮህም። ከቀኑ አስቀድሞ በየደጁ ይዞራል። ሰውን በስሙ ይጠራል፤ ቀኑን ይቆርጣል፤ ማጭድ የሚያመጣውን ከማጭዱ ጋር፣ አህያ ያለውን ከነአህያው ይነግራል። እሱ ደጅ ለደጅ ሲዞር፣ እቤት ጠላው ተጠንስሷል፣ ዱቄቱም ተሰናድቷል። በማለዳ ማጭድ ጨብጦ የማያውቅ ጎረምሳ ቢመጣ «ምን ልትሠራ መጣህ?» አይባልም፤ ፊት ለፊት ተሰልፎ እንዲያፍርም አይደረግም። ከአንድ የበሰለ አጫጅ ጎን ይቆምና ነዶ ይሰበስባል። ከቀትር በኋላ ማጭዱን ይቀበላል። በሚመጣው ዓመት እሱ ራሱ ጠሪ ባይሆንም፣ ተጠሪ ግን ይሆናል።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ይህን የማነሣው ስለ ገብስ ለመጻፍ አይደለም። ማሳው በዓይን ስለማይታይ፣ አጫጆቹም እርስ በርስ ስለማይተያዩበት ሌላ ደቦ ላወጋችሁ ነው። ባለሙያዎች «ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር» ይሉታል። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ ይጨምርበታል፣ በነጻም ይጠቀምበታል። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 «ግኑ» የተሰኘውን ሥራ ሲያውጅ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ ተማሪም በ1991 «ሊነክስ» የተባለውን ጅምሩን ይፋ ሲያደርግ፣ ሁለቱም ያደረጉት ደቦ ጠሪው ገበሬ የሚያደርገውን ነበር፤ ሰው ጠሩ። ልዩነቱ አንድ ነው። በእኛ ደቦ እህሉ የሚገባው በአንድ ሰው ጎተራ ሲሆን፣ በዚያኛው ደቦ ጎተራው የሁሉ ነው።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀን ቀን ብር እቆጥራለሁ፣ ማታ ማታ ስንኝ እቆጥራለሁ። ስለዚህ አንድ አንባቢ «አንተንና ኮድን ምን አገናኛችሁ?» ቢለኝ አልቀየመውም። መልሴ ግን አጭር ነው፤ ያለዚህ ደቦ የእኔ መስኮት አይከፈትም። ደንበኛ ይዞት የሚቀርበው የፋይዳ መታወቂያ «ሞሲፕ» በተባለ ክፍት ምንጭ ሥርዓት ላይ የታነጸ ነው። ጤና ጣቢያዎቻችን ሪፖርት የሚያስተላልፉበት «ዲኤችአይኤስ2» እንዲሁ ክፍት ምንጭ ነው። በዓለም ዙሪያ ባንኮችና ደንበኞቻቸው በኢንተርኔት ሲገናኙ ሚስጥራቸው እንዳይሰረቅ ከሚጠብቁት መሣሪያዎች አንዱ «ኦፕን ኤስኤስኤል» ይባላል፤ እሱም የዚያው ደቦ ምርት ነው።

ታዲያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 በዚህ መሣሪያ ውስጥ «ሃርትብሊድ» የተባለ ቀዳዳ ተገኘ። ቀዳዳው ከ2012 ጀምሮ ማንም ሳያየው ኖሯል። ዓለም ደንግጦ ወደ ውስጥ ቢመለከት፣ ያን ሁሉ ገንዘብና ሚስጥር የሚጠብቀውን ሥራ በሙሉ ጊዜው የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በዓመት የሚሰበሰበው ስጦታም 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያለው የአገራችን ሰው ይህን ቢሰማ የሚገረም አይመስለኝም። ያ ብቸኛ ሰው ሃምሳውንም ተሸክሞ ኖሯልና።

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም፤ ፊደላችንም ወደ ኮምፒውተር የገባው በእንዲህ ዓይነት ጥቂት ትከሻዎች ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ «ሴራ» የተባለውን፣ ግእዝን በላቲን ቁልፎች የመጻፊያ ሥርዓት አበጁ። በዚያው ዘመን ታካሃሺ ናዎቶ የተባለ ጃፓናዊ «ኢማክስ» በተባለው ነጻ የጽሑፍ ማዘጋጃ ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል እንዲጻፍ የሚያስችለውን ኮድ ጻፈ። አንድ ጃፓናዊ የሀሁን ሠንጠረዥ ተቀምጦ ሲደረድር ይታያችሁ! በ1999 ፊደላችን «ዩኒኮድ» በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ 3.0 እትም ውስጥ ቦታውን ያዘ። ከዚያም በግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ስም «ግኖም» የተባለው የሊነክስ ገጽታ ወደ አማርኛ መተርጎም ተጀመረ። «ፋይል»፣ «ቅዳ»፣ «ለጥፍ»፣ «አትም» የሚሉት ቃላት በማሽን መስኮት ላይ ብቅ አሉ። ይሁን እንጂ ትርጉም እንደ ቤት ክዳን ነው፤ በየዓመቱ ካልታደሰ ያፈሳል። ሶፍትዌሩ በየጊዜው አዳዲስ ዐረፍተ ነገር ያፈልቃል። ተርጓሚው ሲደክም አማርኛው ባለበት ይቆምና፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ በአማርኛ የሚናገር ዥንጉርጉር መስኮት ይቀራል።

እኔም የገባሁት ከእነዚህ ዥንጉርጉር መስኮቶች በአንዱ ነው። የሶፍትዌሩን ስም ልተወው፤ ደብዳቤና ሠንጠረዥ የሚጻፍበት ነጻ ፕሮግራም ነው። ከእኔ መግባት በፊት የትርጉሙ አስተባባሪዎች ሰፊ ጥሪ አስተላልፈው ነበር፤ አማርኛን የሚወድ ሁሉ ይምጣ የሚል። ጥሪው የሚያምር ነበር፣ ወኔም ያነሣሣል። ሰዎችም መጡ። ነገር ግን የመጣ ሰው የሚያገኘው አርባ ገጽ መመሪያና በሺህ የሚቆጠሩ ያልተተረጎሙ ዐረፍተ ነገሮች ነበር። አንድ ቃል ተርጉሞ የላከ «ደርሶናል» የሚለው አልነበረም። ከወር በኋላ አንድም አልቀረም። ጥሪው በገበያ መካከል የተጮኸ ነበር፤ እቤት ደግሞ ጠላው አልተጠነሰሰም።

ለእኔ ዕድል ሆኖ በኋላ ኃላፊነቱን የተረከቡት በውጭ አገር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ሌላ ዓይነት ሰው ነበሩ። ፊታቸውን እስከ ዛሬ አላየሁትም። መርዳት እንደምፈልግ በጻፍሁላቸው ማታ መልስ ሰጡኝ። «ወንድሜ፣ ግጥም እንደምትጽፍ ነግረኸኛል፤ እንግዲያው ቃል መምረጥ ታውቃለህ ማለት ነው። ለዛሬ አምስት ቃል ብቻ ልኬልሃለሁ። ነገ አብረን እናያቸዋለን» አሉኝ። አምስት ቃል! አንዱ «አንዱ» የሚለውን እንግሊዝኛ፣ የሠሩትን መልሶ ማፍረስን የሚገልጽ ነበር። «መልስ» ልበል ወይስ «ቀልብስ»? ሦስት ማታ ተከራከርንበት። በሦስተኛው ማታ «ቀልብስ» አሸነፈ፤ እኔም ከዚያ ደቦ መውጫውን አጣሁት።

ቅኔ ቤት የገባ ሰው ይህን ጥበብ ያውቀዋል። አዲሱ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ቍጠር አይባልም። ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ይጀምራል። የቈጠረውን ይዞ ወደ መምህሩ ይቀርባል፤ ይነግራል፤ ይታረማል። ቀድሞት የገባው ተማሪ ደግሞ ከጎኑ ሆኖ መንገዱን ያሳየዋል። ጉባኤ ቃና አጭር ስለሆነች የተናቀች አይደለችም፤ ሙሉ ቅኔ ናት፤ ሰምም ወርቅም አላት። ምሥጢሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለአዲስ መጪ የሚሰጠው ሥራ ትንሽ ሊሆን ይገባል፤ ግን ሙሉ ሥራ ይሁን። ሠርቶ የጨረሰው፣ «ይህ የእኔ ነው» የሚለው፣ ነገ በሰው ሁሉ መስኮት ላይ የሚያየው ይሁን። የዘመኑ የሶፍትዌር ማኅበሮች ለጀማሪ የሚሆኑ ቀላል ሥራዎችን ለይተው ምልክት እያደረጉ የሚያስቀምጡት ይህንኑ ተረድተው ነው። የእኛ የቅኔ መምህራን ግን ከብዙ ዘመን በፊት ደርሰውበታል።

አዛውንቱ ከጊዜ በኋላ «አሁን ደግሞ አንተ ጥራ» ሲሉኝ፣ በደባርቅና በዳባት ከማውቃቸው ሰዎች ዘጠኙን መረጥሁ። እንደ ደቦ ጠሪው በስማቸው ጠራኋቸው። የታሪክ መምህሩን «የቀንና የዘመን ስሞችን ስለምታውቅ» አልሁት። የጤና ባለሙያዋን «ስሕተት የሚናገረውን መልእክት ሰው ሳይደነግጥ እንዲያነበው ማድረግ ስለምትችዪ» አልኋት። ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ቃል ሰጠሁ፤ መልሳቸውንም በማግስቱ አየሁ። ከዘጠኙ አራቱ ቀሩ። ይህ ቍጥር ለሌላው ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለአንድ ዥንጉርጉር መስኮት ግን አራት ሰው ትልቅ ሠራዊት ነው።

ከአራቱ አንዷ ዳባት ላይ የምትማር ወጣት ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ቃሎቿን ሠርታ ስትልክ ከሥር አንድ ጥያቄ ጨመረችበት። «ጋሼ፣ ይህ ማሽን የሚያናግረው ወንድ ብቻ ነው እንዴ? አስቀምጥ፣ ክፈት፣ ዝጋ ይለኛል። አስቀምጪ ብሎኝ አያውቅም።»

ለአፍታ ዝም አልሁ። ያን መስኮት ለዓመታት ስንተረጉም የኖርነው ሁላችን ወንዶች ነበርን። እንግሊዝኛው ትእዛዝ ጾታ የለውም፤ የእኛ ትእዛዝ ግን አለው። ጉዳዩ ለቡድኑ ሲቀርብ አንዳንዱ «ወንዱ ቅርጽ ሁሉንም ይወክላል» አለ፣ ሌላው «አንቱታው ይሻላል» አለ፣ ሌላውም ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። እያንዳንዱን ቍልፍ በሦስት ዓይነት ጽፋ፣ በሠንጠረዥ ደርድራ ላከች፤ የትኛው ከቦታው ጋር እንደሚስማማም አሳየች። በመጨረሻ ቍልፎቹ ላይ «ማስቀመጥ»፣ «መክፈት»፣ «መዝጋት» እንዲባል፣ ሰውን በቀጥታ በሚያናግሩት መልእክቶች ላይ ደግሞ «ያስቀምጡ»፣ «ይክፈቱ» እንዲሆን ተወሰነ። ዛሬ ያንን ፕሮግራም የሚከፍት ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ማሽኑ በአክብሮት ያናግረዋል። ያደረገችው እሷ ናት። በጥሪው ባትመጣ፣ ወይም መጥታ መልስ ብታጣ ኖሮ፣ ማሽኑ አሁንም «አስቀምጥ» ይላት ነበር።

ሰው መጥራት ለምን ያስፈልጋል ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። አዲስ ሰው የሚጠራው እጅ እንዲበዛ ብቻ አይደለም። ነባሮቹ ማየት ያቃታቸውን የሚያይ ዓይን እንዲገባ ነው።

ይሁንና አቀባበል ዋጋ አለው፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ፍሬድ ብሩክስ የተባለ የኮምፒውተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን ይበልጥ ያዘገየዋል የሚል ሐሳብ አስፍሯል። አዲሱን የሚያስተምረው ነባሩ ነውና፤ በሚያስተምርበት ሰዓት የራሱ ሥራ ይቆማል። እኔም ከአራቱ ጋር በተቀመጥሁባቸው ማታዎች አንድም ዐረፍተ ነገር አልተረጎምሁም፤ ግጥምም አልጻፍሁም። አዛውንቱም ለእኔ አምስት ቃል በላኩባት ማታ ሃምሳ ቃል መሥራት ይችሉ ነበር። መምረጥ የግድ ነው፤ ወይ የዛሬውን ማሳ ብቻህን ታጭዳለህ፣ ወይ የከርሞውን አጫጅ ታፈራለህ።

ሌላም ፈተና አለ፤ እምነት። እንግዳ ሁሉ ደግ አይደለም። «ኤክስዜድ» የምትባል፣ ፋይል የምታሳንስ ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አለች፤ በብዙ የሊነክስ ማሽኖች ውስጥ ትገኛለች። ለብዙ ዓመታት የያዛት ላሰ ኮሊን የተባለ አንድ ሰው ነበር፤ ደክሞትም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ «ጂያ ታን» በሚል ስም የሚጠራ በጎ ፈቃደኛ መጣ። ትጉህ ነበር፣ ትሑት ነበር። ሌሎች ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎችም ባለቤቱን «ለምን ለሌላ አታካፍልም?» እያሉ ወተወቱት። ቀስ በቀስ ቍልፉ በጂያ ታን እጅ ገባ፤ በ2024 መጀመሪያም በፕሮግራሟ ውስጥ ድብቅ በር ከፈተባት። ያን በር ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ማሽኑ በግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይበት «ለምን?» ብሎ በመጠየቁ። ግማሽ ሰከንድ!

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው በሩን እንዝጋ» ሊል ይችላል። እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የተማርሁበት። ያ ሌባ የገባው እንግዳ ስለበዛ አልነበረም፤ አስተናጋጁ ብቻውን ስለነበረ ነው። የደከመና ብቸኛ የሆነ ሰው የመጀመሪያውን ትከሻ ይደገፋል። እኛ በባንክ ቤት አንድ ሰው ያዘጋጀውን ሌላ ሰው ሳያጸድቀው ትልቅ ገንዘብ አይወጣም። ይህ ሠራተኛውን መጠርጠር አይደለም፤ ሠራተኛውን ከፈተና መጠበቅ ነው። በትርጉሙም ሥራ ይህንኑ ልማድ አድርገነዋል፤ የአንዱን ቃል ሌላው ሳያየው አይገባም፤ የአዛውንቱም ቢሆን። ዳባት ያለችው ልጅ የአዛውንቱን ቃል ያረመችበት ቀን ነበር። አዛውንቱ የመለሱት «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ አሁን ቤቱ ባለቤት አገኘ» ብለው ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ይህ ሁሉ እንደ ጭጋግ የሚበተን መስሎኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው የሚያስበው ስለ ቃል አልነበረም፤ ስለ ቤተሰቡ ነበር። መንገዱም እንደ ልብ አይኬድም። ግንኙነቱ መለስ ቀለስ ማለት ሲጀምር ግን ከዳባት በሰው እጅ አንዲት ፍላሽ ደረሰችኝ። ከፍቼ ባየው ሁለት መቶ ሰባት ዐረፍተ ነገር ተተርጉሞ አለ፤ በእያንዳንዱ አጠገብ የምታመነታበት ቃል በጥያቄ ምልክት ተመልክቶበታል። ማንም አላዘዛትም፤ ማንም አልከፈላትም። ለምን እንደሠራችው ስጠይቃት «ስሜ እኮ ተርጓሚዎች ከሚለው ሥር ተጽፏል፤ ሳይሠሩ መጻፍ ደግሞ ያሳፍራል» አለችኝ።

ስም መጻፍ እንግዲህ ይህን ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተመሠረተው ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች የምርምር ማኅበር ይህን አስቀድሞ የተረዳ ይመስለኛል። ስሙ በዙሉ ቋንቋ «አብረን እንገንባ» እንደ ማለት ነው። የምርምር ትምህርት ሳይኖረው ቋንቋውን ብቻ የሚያውቅ ሰውም ይገባበታል፤ በጽሑፎቻቸውም ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ስማቸው በጸሐፊነት ይሰፍራል። በ2021 ዐሥር የአፍሪካ ቋንቋዎችን ይዞ ባወጣው የስሞች መለያ ስብስብ ውስጥ አማርኛም ነበረበት። ደቦ ውስጥ አዝማችም ተቀባይም አለ፤ ዘፈኑ ግን የሁለቱም ነው።

ስለዚሁ ጉዳይ ከወራት በፊት የጻፍኋት አራት ስንኝ እነሆ፤

ጠርቶ የማይቀበል፣ ደጃፉን የዘጋው፣
እርሻው ምን ቢሰፋ፣ ዳዋ ነው የሚያርሰው፤
ፊቱን ያበራ ግን፣ ለሚመጣለት ሰው፣
ማሳው ቢጠብ እንኳ፣ ጎተራው ሙሉ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ወዳዶች ሆይ፣ ይህን ለእናንተ የጻፍሁበት ምክንያት አለኝ። ኮድ የሚጽፉ ልጆች አሉን፤ ሥራቸውንም ያውቃሉ። የጎደለው ቃል መራጭ ነው። ማሽኑ ነገ ለልጆቻችን የሚናገረው አማርኛ የሚወሰነው ዛሬ በጥቂት ሰዎች ማታ ላይ ነው፤ በእነዚያ ጥቂቶች መካከል ደግሞ ሰምና ወርቅን የሚለይ፣ «መልስ»ን ከ«ቀልብስ» የሚያመዛዝን ሰው ያስፈልጋል። የምትመጡ ከሆነ አርባ ገጽ መመሪያ አንሰጣችሁም። ለመጀመሪያው ማታ አምስት ቃል ብቻ ነው፤ መልሳችንም በማግስቱ ይደርሳችኋል።